የወልደየስ ላውንደሪ አፈር

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተገኝ ወልደየስ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

የክረምቱን ጭቃ አሻግሮ ለአዲሱ ዓመት ያበቃችሁ አምላክ ይመስገን እያልኩ፣ እርስዎን፣ ባለቤትዎን፣ ልጅዎን ሳሌምን፣ እህትዎን ጥሩሰውንና ታናሽዎን ሀብቱን በአንድነት እጅ እነሣለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ እንዳልክ ካረፈ ኅዳር ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ያኔ የጻፉልኝን የማጽናኛ ደብዳቤ አሁንም አለኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ሱቁ ነው። አባትዎ ጋሽ ወልደየስ እዚህ ኮልፋክስ መንገድ ላይ የከፈቱትን ላውንደሪ፣ አገር ሲገቡ ለእህታቸው ልጅ ለእንዳልክ እንደሸጡለት ያውቃሉ። እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ልሠራው ስላልቻልኩ ዘጋሁት። የምኖረው አየር ማረፊያ ዊልቸር እየገፋሁ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ገዢ አገኘሁ። የገዢው ባንክ ግን አፈሩ ካልተመረመረ ገንዘብ አልሰጥም አለ። ሁለት ሰዎች መሰርሰሪያ በመኪና ጭነው መጥተው የጓሮውን በር አካባቢ ሦስት ቦታ በሱት። የወጣው አፈር እንደ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሸታል። ፐርክ ይሉታል፤ በደረቅ እጥበት ልብስ የምናጸዳበት ፈሳሽ ነው። ከድሮ ማሽኖች ሥር እየተንጠባጠበ ሲሚንቶውን አልፎ መሬት ገብቶ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ ጎረቤት ሲሄድ ኖሯል። ገዢው ሸሸ። ከስቴቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ደብዳቤ መጣ፤ ባለቤቷ አንቺ ነሽና አጽጂ ይላል። የማጽጃው ዋጋ ከሱቁ ዋጋ ይበልጣል።

አሁን ያለኝ ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን አይከፍልም። አንድ ቀን ግን ከአውሮፕላን በር ያደረስኳት ተሳፋሪ ዊልቸሩ ላይ መጽሔት ትታ ሄደች። ውስጡ ስለ አንድ ቤንዚን ማደያ ተጽፏል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1986 በፊት የተገዛ የድርጅት ኢንሹራንስ፣ ጉዳቱ በዚያ ዘመን የደረሰ ከሆነ፣ ዛሬም ሊከፍል ይችላል ይላል። ገጹን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። በመዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ አንብቤው ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

"ይህን ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"ዊልቸር" አልኩት። ሳቀ።

እውነት መሆኑን ነገረኝ። ድርጅቱን ከነስሙ ስለገዛነው የድሮው ኢንሹራንስ መብትም ከድርጅቱ ጋር ወደ እኔ መጥቷል። ነገር ግን ውሉ እንደነበረ ማሳየት አለብኝ። ኢንሹራንሱን የሸጠው ኩባንያ እየፈረሰ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 19 ቀን 2008 በኋላ ጥያቄ አይቀበልም።

ጋሽ ወልደየስ ወረቀት የማይጥሉ ሰው ነበሩ። አገር ሲገቡ ወረቀታቸውን የያዙበትን አረንጓዴ የብረት ሳጥን በገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እባክዎ የኢንሹራንሱን ውል ይፈልጉልኝ። ራስጌው ላይ የስንዴ ዘለላ ሥዕል አለበት፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1978 እስከ 1985 ነው። ከሁሉም የሚያስፈልገኝ የየዓመቱ የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ ስማቸውና የውሉ ቁጥር ያለበት። የመላኪያውን ገንዘብ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎ መልእክተኛ እጅ ልኬያለሁ።

ያልደወልኩት ጠበቃው ሁሉ ነገር በጽሑፍ ይሁን ስላለኝ ነው። በስልክ መናገርም አልችልበትም፤ ያውቁኛል።

ቤታችሁን ሰላም ያድርገው።

አክባሪዎ
ብዙዬ


ደሴ
ኅዳር 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብዙዬ

አገርና ባሕር ቢለየንም በእንዳልክ ሥጋ የተዛመድን ነንና፣ ሰላምታዬ የአንድ ቤት ሰላምታ ሆኖ ይድረስሽ። የአክስቴን ልጅ ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አንቺንም ብቸኝነቱን ያቅልልሽ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። መልእክተኛው አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ብሎ አንድ ወር ተቀምጦበታል። ሳጥኑ አለ። ጥሩሰው አልጋዋ ሥር አድርጋው ነበር። ቁልፉ ስለጠፋ ብረት ሠሪ አስመጥቼ አስከፈትኩት። ስንዴ ያለባቸው ስምንት ጥቅሎች ተገኝተዋል፤ በቀይ ክር እንደታሰሩ ናቸው። የአባባን ስም በፈረንጅ ፊደል ተመትቶ ሳየው ልቤ ደነገጠ። እሳቸው ሲሄዱ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ይኼን ሁሉ ወረቀት ሲያጠራቅሙ ለእኛ የሚጽፉልን በዓመት ሁለት ደብዳቤ ነበር፤ አንዱ ለፋሲካ፣ አንዱ ለእንቁጣጣሽ።

ልልክልሽ ስዘጋጅ ጥሩሰው፣ "ቆይ እስቲ፣ ምን እንደሆነ እንወቅ" አለች። ሴት ናት፤ ትጠነቀቃለች። ለመሆኑ ኢንሹራንሱ ስንት ይሆናል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ሳሌም ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች። ላፕቶፕ የሌላት እሷ ብቻ ናት። ይህን የምጽፈው እንድታውቂው እንጂ እንድትቸገሪ አይደለም።

ወንድምሽ
ተገኝ


ኦሮራ
ጥር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተገኝ

ልደቱን ያሳየን ጌታ ጥምቀቱንም በጤና ያሳያችሁ።

ሳጥኑ መገኘቱን ሳነብ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ለሳሌም የእኔን ላፕቶፕ ልኬላታለሁ። አዲስ አይደለም፤ ግን ይሠራል።

ስንት ይሆናል ላሉኝ፣ ጠበቃው እንደሚገምተው እያንዳንዱ ዓመት እስከ ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ይሸፍናል። ይህን የምጽፍልዎ ምንም እንዳልደብቅ ነው። ግን ይረዱልኝ፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሳንቲም በእጄ አይገባም። ኩባንያው የሚከፍለው አፈሩን ለሚቆፍሩትና ውሃውን ለሚያጣሩት ሰዎች ነው። የሕይወት ኢንሹራንስ አይደለም። ሰው ስለሞተ አይከፈልም፤ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ስለደረሰ ነው የሚከፈለው።

የተጎዳችውም አለች። ከጓሯችን ያለው ቤት የሉፔ ነው፤ ሜክሲኳዊት መበለት ናት። ትነቱ ከቤቷ ሥር ያለው ቤዝመንት ድረስ ገብቶ በመገኘቱ ቀን ከሌት የሚዞር ማራገቢያ ተክለውባታል። ድሮ በአጥር ላይ ታማሌ የሚሉትን የበቆሎ ምግባቸውን ታቀብለኝ ነበር። አሁን ስታየኝ በሯን ዘግታ ትገባለች። ባለፈው ሳምንት ግን ጠብቃ ያዘችኝና፣ "ብዙ፣ ይኼን ቤት ማን ይገዛኛል? ለልጆቼ ያለኝ ይኼ ነው" አለችኝ። 

ለማራገቢያውና ለምርመራው የምኖርበትን ቤት አስይዤ ተበድሬያለሁ። የአባትዎ ወረቀት ካልደረሰልኝ ሱቁም ቤቱም ይሄዳሉ። እባክዎ ስምንቱንም እንደታሰሩ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ
ብዙዬ


ደሴ
መጋቢት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብዙዬ

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። ላፕቶፑ ደርሷል፤ ሳሌም እግርሽን ትስማለች።

ደብዳቤሽን ለብቻዬ ማስቀረት ስላልፈለግኩ ለጥሩሰውና ለሀብቱ አነበብኩላቸው። ሀብቱ የጭነት መኪናውን አቁሞ ከሚሌ ድረስ ነው የመጣው። ሦስት መቶ ሺውን በስልኩ በስምንት አባዛው፤ እንደገና በሃያ ብር አባዛው። ከዚያ በኋላ ሰው አልሰማ አለ።

"አርባ ስምንት ሚሊዮን ብር አፈር ለማጠብ? አፈር ልብስ ነው እንዴ!" ይላል።

"ፈረንጅ ሞኝ አይደለም፤ ምክንያት ይኖረዋል" አልኩት።

"ሞኞቹስ እኛ ነን። ሰው አፈር ሲለብስ እንጂ አፈር ሲታጠብ ኢንሹራንስ የሚከፈለው የት አገር ነው? የአባታችን ሞት ነው የሚከፈለው።"

ጥሩሰው ደግሞ ሌላ አነሣች። አባባ መርዝ ሲደፉ ኖሩ ተብሎ በፍርድ ቤት ሊጻፍ ነው ወይ ብላ አለቀሰች። እኔም አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቀየሚኝ። ያ ሱቅ አባታችንን ሃያ ዓመት በላብን። እናንተ አብራችሁ ማዕድ ቆርሳችኋል፤ እኛ ፎቶ ነው ያየነው። በመጨረሻም በስምንት ሺህ ዶላር ለእንዳልክ ሰጡት። እኛን ማንም አልጠየቀንም።

ስለዚህ የተስማማነው ይኼ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እናወጣለን። ከኢንሹራንሱ ሦስት እጁ ለእኛ፣ አንድ እጁ ለአንቺ ይሆናል። ይህን ፈርመሽ ስትልኪ ወረቀቱ ይላካል። እስከዚያ ፎቶም አይነሣም ብሏል ሀብቱ።

ወንድምሽ
ተገኝ


ኦሮራ
መጋቢት 29 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሽ ተገኝ

ሰሙነ ሕማማት ነውና እንደ ሥርዓቱ ሰላምታ አልሰጥዎትም።

የሌለ ገንዘብ ለአራት ለመካፈል ልፈርም አልችልም። ብፈርም ኖሮ ነበር ሌባ የምሆነው።

ማዕድ ቆርሳችኋል ላሉት፣ ያየሁትን ልጻፍልዎ። እኔ እዚህ ስመጣ ጋሽ ወልደየስ ሱቁ ውስጥ፣ ከመተኮሻው ኋላ በተዘረጋ አልጋ ነበር የሚያድሩት። የሦስታችሁ ፎቶ ከቦይለሩ በላይ ተሰቅሎ በእንፋሎት ተጣሞ ነበር። ያ የደረቅ እጥበት ማሽን ሥሩ ያነባ ነበር። በጨርቅ ይወለውሉና ጨርቁን ጨምቀው መልሰው ማሽኑ ውስጥ ይከቱታል፤ ውድ ስለሆነ ጠብታ እንዳይባክን። ወለሉ ስንጥቅ እንደነበረውና ከሥር ምን እንደሚሆን ማንም አልነገራቸውም። አላወቁም። ኢንሹራንሱም የሚከፍለው ሳያውቁ ለደረሰ ጉዳት ነው። ለጥሩሰው ይህን ይንገሯት፤ አባትዋን ማንም በወንጀል አይጽፋቸውም።

እንዳልክም በዚያው ጨርቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወለወለ። ኩላሊቱ ሲታመም ሐኪሙን ጠየቅሁት። ከዚያ የመጣ ነው አላለኝም። አይደለም ብሎም አላጽናናኝም።

ስለ ስምንት ሺው፣ እሳቸው ራሳቸው የቆረጡት ዋጋ ነው። ከሽያጩ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ እንዳልክ በየወሩ ምን ይልክ እንደነበር እዚህ አልጽፈውም።

የምለምንዎ ስምንት ገጽ ነው። መስከረም 19 ሩቅ ይመስላል፤ አይደለም።

ብዙዬ


ደሴ
ሰኔ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብዙዬ

የትንሣኤው ብርሃን ልብሽን ያብራልን። ዝም ያልኩት ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። ነገሩን በእርቅ ስናስጨርስ ነው የቆየነው፤ አሁን የምሥራች ነው የምጽፍልሽ።

ሀብቱ ሁሉንም ጥቅል ይዤ እሄዳለሁ ብሎ ከጥሩሰው ጋር ሳጥኑ ላይ ተናነቁ። ሰው እንዳይሰማ ብዬ ሦስት ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ሰብሳቢው የንስሐ አባታችን መምሬ ጳውሎስ ናቸው። ሙሉ ቀን ሰሙን። መጀመሪያ ጥቅል ጥቅሉን በዕጣ እናካፍላችሁ አሉ። ስምንት ለሦስት አልገባ አለ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሆኖ ደግሞ ሌላ ጠብ መጣ። በመጨረሻ መምሬ፣ "የአባት ርስት በክንድ ካልተለካ በጋት ይለካል። ክሩን ፍቱትና ቅጠል በቅጠል ይቆጠር" አሉ።

ሁለት መቶ አርባ ስድስት ቅጠል ሆነ። የአባባ ስም ያለባቸው ስምንቱ ቅጠሎች ብቻቸውን ወጡ። መምሬ በእጃቸው ያዟቸውና፣ "ሀብቱ የሦስት ወር ሕፃን ሆኖ ነው አባቱ የሄዱት። እናንተ በልጅነታችሁ መልካቸውን አይታችኋል፤ እሱ ግን ያያቸው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ስማቸው ያለበት ለእሱ ይገባል" አሉ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሁላችንም አለቀስን። ሀብቱ እንኳ አለቀሰ። የቀረውን እኔና ጥሩሰው መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ ተካፈልን። አንዳችንም ከአንዳችን አልበለጥንም። ስንተቃቀፍ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር።

አሁን ቤቱ ሰላም ነው። ያንቺን ነገር በዚህ ሰላም መጨረስ አያቅትም።

ወንድምሽ
ተገኝ


ኦሮራ
ሰኔ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሽ ተገኝ፣ ለጥሩሰውና ለሀብቱ

በሦስታችሁ መካከል ሰላም መውረዱን ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ያጽናው።

ደብዳቤውን ለጠበቃው ተረጎምኩለት። ብዕሩን አስቀመጠና፣ "ገጾቹን ነጣጠሏቸው?" አለኝ።

"ሊታረቁ ብለው ነው" አልኩት።

ብዕሩን እንደገና አነሣ። ከዚያ፣ "ስምንቱን የያዘው ማን ነው?" አለ።

ሀብቱ፣ ይህ ላንተ ነው። አይተኸኝ አታውቅም፤ እኔም አላውቅህም። ወረቀቱ ያንተ ይሁን። አባትህ ናቸው፤ አልወስድብህም። በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም። ጠበቃው ለማስመዝገብ ይበቃል ብሏል።

ገንዘብ የለም ብዬ ስጽፍ አላመናችሁኝም። እንግዲያው ያለኝን ልስጣችሁ። አፈሩ ከጸዳ ሱቁ ይሸጣል። የሚሸጥበትን ለአራት እንካፈላለን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁት ሰነድ ላይ ፈርሜያለሁ፤ ጠበቃው አታድርጊ እያለኝ ነው የፈረምኩት። ለእኔ የመኖሪያ ቤቴ ከባንክ ከወጣና ሉፔ ማራገቢያዋን ካጠፋች ይበቃኛል።

የወራሽነቱንም ነገር ካሰባችሁበት፣ ፍርድ ቤቶች በነሐሴ ሳይዘጉ አንድ ነገር አድርጉ።

ብዙዬ


ደሴ
ነሐሴ 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብዙዬ

በምን ቃል ሰላም እንደምልሽ አላውቅም።

የፈረምሽውን ሰነድ ለሀብቱ ሰጠሁት። አንብቦ ሳቀ። "ለአራት ካለች ከዚህ የበለጠ ይዛለች ማለት ነው። ድሃ ሰው ሱቅ አያካፍልም" አለ። እኔና ጥሩሰው ካንቺ ጋር በስውር የተስማማን መሰለው። ሐምሌ 27 ቀን ሳይነግረን ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማመልከቻ በስሙ አስገባ። ስምንቱን ገጾች ማስረጃ ብሎ መዝገቡ ላይ አያያዛቸው፤ ዋናዎቹን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ኮፒ ይበቃል ብላዋለች። "ሎተሪ በኮፒ ይወጣል እንዴ?" ብሎ መለሰላት። ፎቶም አላነሣቸውም። ከተባዛ ዋጋው ይወድቃል ብሎ ያምናል።

ነሐሴ አንድ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ዕረፍት ተዘጋ። ጥቅምት ሲብት ነው የሚከፈተው። ሄጄ ለመንኩ። ዘበኛው፣ "አባቴ፣ ሰው ቢታሰር እንጂ ወረቀት ቢታሰር ተረኛ ዳኛ አይጠራም" አለኝ። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ሰኞ ገበያ ሰፈር ድረስ ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። ቁልፉ በሬጅስትራሩ እጅ ነው፤ ሬጅስትራሩ ለዕረፍት አገሩ ሄዷል።

የእኔንና የጥሩሰውን ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ገጽ ዛሬ በፈጣን ፖስታ ልኬያለሁ። ሂሳቡን እኔ ከፍያለሁ። ምናልባት ጠበቃሽ አንድ ነገር ያገኝበት ይሆናል። የሳሌምን የትምህርት ነገር አሁን አላነሣም።

ተገኝ


ኦሮራ
መስከረም 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሽ ተገኝ

ትናንት አለፈ።

የላኩት ደርሷል። ጠበቃው ከረዳቱ ጋር ሆኖ አንድ በአንድ አገላበጠው። ኩባንያው ምን እንደሚከፍልና ምን እንደማይከፍል፣ አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ማስታወቅ እንደሚገባ፣ ሁሉ አለበት። ስም የለበትም። ቁጥር የለበትም። "ይህ የማንም ሰው ሊሆን ይችላል" አለ። እንደዚያም ሆኖ አስገባው። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፤ አንድ መስመር ናት።

እንደ ሁልጊዜው በሁለት ሰዓት ሥራ ገባሁ።

ብዙዬ


ደሴ
ኅዳር 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህታችን ለብዙዬ

ከሦስታችንም የሆነ ሰላምታ ይድረስሽ። ሀብቱ ጭምር ሰላም ብሎሻል። እግዚአብሔር የዘገየ እንጂ የቀረ ነገር የለውም።

ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 22 ቀን ወስኗል። እኔና ጥሩሰው ጣልቃ ገብተን ስለነበር፣ ሦስታችንም የአቶ ወልደየስ እኩል ወራሾች መሆናችን በማኅተም ተረጋግጧል። ስምንቱ ገጾችም ከመዝገቡ ወጥተዋል። ሀብቱ በእጁ ሰጠኝ፤ ይኸው ዋናዎቹን ከወራሽነት ማስረጃው ጋር ልከንልሻል። ስማችን ከነአያት፣ ከነቀበሌያችን ተጽፏል።

ቀኑ አልፏል ያልሽውን አይተናል። እዚህ ቀን ቢያልፍ በቂ ምክንያት ተጽፎ በማመልከቻ ይታያል። ፍርድ ቤት ተዘግቶ ነበር ማለት በቂ ምክንያት ነው። ሀብቱ ደግሞ፣ "ወራሾች መሆናችንን ለመንግሥታቸው ታሳይልን። ማኅተም ያየ ፈረንጅ እምቢ አይልም" ይላል። ያለፈውን ሁሉ በሆድሽ አትያዢው። አንድ ነገር ሲገኝ ለሳሌም መመረቂያ ታስቢበታለሽ።

ወንድሞችሽና እህትሽ


ኦሮራ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሽ ተገኝ፣ ለጥሩሰው፣ ለሀብቱ

በጤና መሆናችሁን ካነበብኩ ይበቃኛል።

ስምንቱን ገጾች ለጠበቃው አሳየሁት። አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አየውና፣ "ይህን ነበር የፈለግነው" አለ፤ መልሶ ሰጠኝ። ኩባንያው ተዘግቷል። ማመልከቻ የሚቀበል ሰው የለውም፤ በር እንኳ የለውም።

የመኖሪያ ቤቴ ተሸጧል። ሎውሪ በሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይቻለሁ። ሱቁን ስቴቱ አጥሮ መቆፈር ጀምሯል፤ የሚያወጣውን ሁሉ መሬቱ ላይ ዕዳ አድርጎ ይጽፋል። መሬቱ ስለማይበቃው የቀረውን ከእኔ ደመወዝ ይፈልጋል። ሉፔ ልጇ ዘንድ ፑዌብሎ ከተማ ሄዳለች። ስትሄድ አልነገረችኝም።

አሁን የላካችሁት ማስረጃ ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደብዳቤዬ በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ ያኔ እየለመንኩ ነበር፣ አሁን አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ከስቴቱ የመጣ ቅጽ ጠበቃው ቢሮ ቁጭ ብለን ሞላን። በሱቁ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሠራ ሰው ሁሉ ስም ይጠየቅበታል። ወልደየስ ብዬ ጻፍኩ። ሞተዋል ወይ ይላል፤ አዎ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው መስመር የሟቹን ወራሾች ስምና አድራሻ ይጠይቃል። እዚህ አገር ሕጉ እንዲህ ነው፤ አፈሩ ሲበከል ባለቤት የነበረውም ይጠየቃል፣ የወረሰውም በወረሰው መጠን ይጠየቃል። ስሙ በዚያ መስመር የሰፈረ ሰው ዕዳውን ተካፈል የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። እዚያ ድረስ መጥተው ቤት አይሸጡባችሁ ይሆናል። ግን ስማችሁ ይያዛል። ሳሌም አንድ ቀን ወደዚህ ልትመጣ ብታስብ፣ ወይም ከእናንተ አንዱ በዚህ አገር አንድ ነገር ቢኖረው፣ ያ ስም ይጠብቀዋል።

ጠበቃው፣ "ወራሽ ካለ ያንቺ ሸክም ይቀንሳል። ቢያንስ ድርሻው ይከፈላል" አለኝ።

ማስረጃችሁ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እስክሪብቶ ሳወጣ አብሮ ወጣ። ማኅተሙ ያማረ ነው፤ ሐምራዊው ቀለም አልደበዘዘም። ሦስታችሁም በየተራችሁ አላችሁበት። ሀብቱ፣ የአባትህ ስም ካንተ ስም አጠገብ በደንብ ይነበባል።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ። አማርኛ አያነብም።

"ከአገር ቤት የመጣ ወረቀት ነው" አልኩት።

"ስለ ጉዳዩ ነው?"

"ስለ ቤተሰብ ነው።"

ቅጹን ወደ እኔ አዞረልኝ። ጣቱን ባዶው መስመር ላይ አድርጎ፣ "የሰውየው ወራሽ የምታውቂው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የለም" አልኩት።

ብዙዬ